ውኃ ያወጣው የፋሲካ ጥብስ እንዴት እንደተስተካከለ

ከ3 ኪሎ የበግ ሥጋ ግማሹ በአንዴ ብረት ምጣድ ላይ ሲጣል ጥብስነቱ ቀርቶ ቅቅል ሆነ፤ ገርጥቶ በራሱ ውኃ ተንተከተከ። ጥፋቱ የእሳቱ ብቻ አይደለም። ብዙ ቀዝቃዛ ሥጋ ምጣዱን ያበርደዋል፣ የወጣውም ውኃ ቶሎ አይተንም። ቀድሞ የተነሰነሰው ጨው ደግሞ ውኃውን ይባስ ይስበዋል።

የቀረው ሥጋ 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ እየሆነ ተቆርጦ በንጹሕ ጨርቅ ተደራረቀ። ከሰሉ ነበልባሉ ጠፍቶ አመድ እስኪለብስ ተጠበቀ። የውኃ ጠብታ ምጣዱ ላይ ቸስ ብላ ወዲያው ከጠፋች ደርሷል ማለት ነው። ከዚያ በትንሽ ሞራ ግማሽ ግማሽ ኪሎ ብቻ፤ ለ2 ደቂቃ ምንም አይነካም። ብዙውን ጥብስ የሚያበላሸው ቶሎ ማማሰል ነው! ሥጋው ቡናማ ሲሆን ራሱ ከምጣዱ ይላቀቃል።

ሽንኩርቱም ውኃ ስላለው ለብቻው ይጠበሳል። መጨረሻ ላይ ሁሉም ተቀላቅሎ ጨው፣ ቃሪያ፣ የጥብስ ቅጠልና 2 የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ሲገባ 1 ደቂቃ ይበቃዋል።

የመጀመሪያው ሥጋ አይጣልም፦ ውኃውን አጥልሎ ለወጥ መከለሻ ማስቀመጥ፣ ሥጋውን አድርቆ በጥቂት በጥቂቱ እንደገና መጥበስ።