ለውድድር የሚሆን የፍሪስታይል ስኬትቦርድ ትርኢት እንዴት ይዘጋጃል?

ፍሪስታይል ራምፕም (ተዳፋት መዝለያ) ደረጃም አይፈልግም። ጠፍጣፋ ሜዳ፣ ቦርድና ሙዚቃ ይበቃል። ኪክፍሊፕን (ቦርዱን በእግር አየር ላይ ማገላበጥ) ጨምሮ ዛሬ መንገድ ላይ የምናያቸውን ብዙ ትሪኮች ሮድኒ ሙለን የፈጠራቸው የፍሪስታይል ተወዳዳሪ እያለ ነው።

መጀመሪያ የውድድሩን ደንብ አንብቡ። የሚሰጠው ሰዓት ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ነው፤ ዳኞች ደግሞ የትሪኩን ክብደት ብቻ ሳይሆን ዓይነቱን፣ ጥራቱንና ከሙዚቃው ጋር መግጠሙን ያያሉ።

ቀጥሎ ሙዚቃ ምረጡ። በሰዓቱ ልክ ቁረጡትና ቦርዱን ሳትነኩ ደጋግማችሁ ስሙት። ምቱ የሚቀየርበትን ቦታ በሰከንድ ጻፉ፤ ትልልቆቹ ትሪኮች እዚያ ይገባሉ።

አሁን የምትችሉትን ሁሉ ዘርዝሩ። ከ10 ሙከራ 9 ጊዜ የሚሳካው ይግባ። የሚያስፈራችሁ ከሆነ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ብቻ፤ እሱም እግር ሳይዝል፣ ከመጀመሪያው ግማሽ ሳያልፍ። አምስት ዓይነት ፍሊፕ ከመደርደር ፍሊፕ፣ ፖጎ (ቦርዱን በጫፉ አቁሞ እላዩ ላይ መዝለል)፣ ካስፐር (የተገለበጠውን ቦርድ በእግር ከስር ደግፎ መያዝ)፣ ማኑዋል (በሁለት ጎማ ብቻ መንከባለል) እና ሽክርክሪት ቢቀላቀሉ ይሻላል።

ዋናው ሥራ ግን ትሪክ ከትሪክ የሚያያዝበት መገጣጠሚያ ላይ ነው። ብዙ ሰው ትሪኩን ለብቻው ይለማመድና በሁለቱ መሀል ያለውን ነገር ይረሳዋል። ሬይል ፍሊፕን እንውሰድ፦ ቦርዱ በጎኑ ቆሟል፣ እናንተ ጎማዎቹ ላይ ናችሁ፣ ገልብጣችሁ በአራት ጎማ ታርፋላችሁ። ቦርዱ ግን አይንቀሳቀስም! እዚህ ጋ እግር አውርዶ መግፋት ሙዚቃውን ይገድለዋል። ስለዚህ በስፔስ ዎክ ውጡ፤ የፊቱን ጎማ አንስታችሁ አፍንጫውን (የፊት ጫፉን) ግራ ቀኝ ስታወዛውዙት ቦርዱ ራሱ ወደፊት ይሄዳል። አንዱ ትሪክ ሲያልቅ እግራችሁ የት ነው፣ ቦርዱ ይንከባለላል ወይስ ቆሟል? ቀጣዩን ትሪክ የሚመርጥላችሁ ይሄ ነው።

ሜዳውንም በኖራ አስምሩ። ካላሰመራችሁ ሳታውቁት አንድ ጥግ ላይ ተወሽቃችሁ ትቀራላችሁ።

ልምምዱን ከ20 እስከ 30 ሰከንድ በሚሆኑ ክፍሎች ከፋፍሉት። እኔ ብሆን ከመጨረሻው ክፍል እጀምራለሁ፤ ሲደክማችሁ የሚመጣው እሱ ስለሆነ ሳታስቡት የምትሠሩት መሆን አለበት። ክፍሎቹ ከያዙላችሁ በኋላ ሙሉውን ሳታቋርጡ ሥሩ። ወደቃችሁ? ሙዚቃውን አታጥፉ። ቦርዱ ሲያመልጥ ሮጦ ማምጣት፣ ያለፈውን ትሪክ መተው፣ ሙዚቃው የደረሰበት ላይ መግባት ራሱን የቻለ ልምምድ ነው፣ እና አብዛኛው ሰው ይዘለዋል። ለዚህ እንዲመች በየክፍሉ መጀመሪያ ላይ ቀላል ትሪክ አስቀምጡ።

በስልክ ቅረጹ፣ ከዚያም ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት። ሙዚቃው የሸፈነው መንገታገት ያኔ ፍጥጥ ብሎ ይታያል። ከተቻለ ለስላሳ ወለል ላይም ሞክሩ፤ አስፋልት ላይ የሚይዝ ጎማ እዚያ ሊያንሸራትት ይችላል።

በውድድሩ ቀን ሰውነታችሁን አሟሙቁ፣ የትሪኮቹን መገጣጠሚያዎች አንድ ጊዜ ሞክሩ፣ በቃ። ተራ እየጠበቁ ከባዱን ትሪክ ደጋግሞ መሞከር እግር ከማዛል በቀር ምንም አይጠቅምም።