ውርም ኦንላይን ላይ የመንደር ዜጋ ከመሆናችሁ በፊት ይሄን እወቁ

ውርም ኦንላይን የሚባለውን ጌም አዲስ የጀመረ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ጥያቄ አንድ ነው፣ «መንደር ኢንቫይት አደረጉኝ፣ ልግባ ወይስ ልተወው?» ግቡ። ብቻችሁን ጫካ ውስጥ ጎጆ ሰርታችሁ ድብ ከሚበላችሁ መንደር ይሻላል። ግን ዜግነት የሚባለው ነገር ምን እንደሚሰጣችሁ እና ምን እንደማይሰጣችሁ አውቃችሁ ግቡ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው አንዴ ዜጋ ከሆንኩ በር ሁሉ ይከፈትልኛል ብሎ ያስባል፣ ከዛ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ የማዕድን ጉድጓዱ እንቢ ሲለው ተበሳጭቶ ይወጣል።

ለማያውቀው ሰው፣ ውርም በ2006 (በፈረንጆች) የተከፈተ የስዊድን ጌም ነው፣ ከጀመሩት ሁለት ሰዎች አንዱ ኋላ ማይንክራፍትን የሰራው ማርከስ ፐርሰን ነው (ሌላው ሮልፍ ያንሰን)። እዛ ዓለም ላይ መሬቱን የሚቆፍረውም ዛፉን የሚቆርጠውም ቤቱን የሚሰራውም ተጫዋቹ ራሱ ነው፣ ስለዚህ «ይሄ መሬት የማነው» የሚለው ነገር ቀልድ አይደለም። መልሱ ደግሞ ዲድ (የመሬት ይዞታ ወረቀት) ነው። አንዱ የመንደር ዲድ ይገዛል፣ መሃል ላይ ቶከን (የመንደሩ ማዕከል የሆነ ምልክት) ይተክላል፣ በቃ ከንቲባ ሆነ። ከቶከኑ በየአቅጣጫው ቢያንስ 5 ታይል (መሬቱ የተከፋፈለበት አንድ ካሬ) መያዝ አለበት፣ ማለትም ትንሿ መንደር 11 በ11፣ 121 ታይል ነች ማለት ነው፣ በዙሪያዋ ደግሞ ፔሪሜትር የሚባል ቀለበት አለ።

የዜጋ ቁጥርም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ታይሉን ለ11 አካፍሉት፣ የሚመጣው ቁጥር መንደሩ የሚችለው የዜጋ ብዛት ነው፣ ለትንሿ መንደር 11 ሰው። ከዛ በላይ መቀበል የሚያስችል ሴቲንግ አለ ግን ከልኩ በላይ ሰው እስካለ ድረስ ወርሃዊ ክፍያው እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የትንሽ መንደር ከንቲባ «ቦታ የለም» ካላችሁ ኩራት አይምሰላችሁ፣ ሰውዬው ሂሳቡን አስቦ ነው።

መግባቱ ራሱ ቀላል ነው። ከንቲባው ወይም ሰው የመጋበዝ ፐርሚሽን (ፍቃድ) ያለው ዜጋ አጠገባችሁ ይቆምና ራይት ክሊክ አድርጎ ይጋብዛችኋል፣ እናንተ ጋ መስኮት ይመጣል፣ እሺ ትላላችሁ፣ የመንደሩ ቻት ይከፈትላችኋል። ሁለት ነገር ብቻ ልብ በሉ፣ አንድ ካራክተር በአንድ ጊዜ የአንድ መንደር ዜጋ ብቻ ነው መሆን የሚችለው፣ መንደር ከቀየራችሁ ደግሞ እንደገና ለመቀየር 24 ሰዓት መጠበቅ አለባችሁ። ስለዚህ ዝም ብላችሁ የመጀመሪያውን ኢንቫይት አትጫኑ፣ ትንሽ ዞር ዞር ብላችሁ እዩ።

አሁን ዋናው ነገር። እዚህ ጌም ላይ ዜግነት ማለት ሮል (የተሰጣችሁ ድርሻ) ማለት ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ከንቲባው ሮሎችን ራሱ ይፈጥራል ያስተካክላል፣ እያንዳንዱ ሮል ውስጥ ረጅም የፐርሚሽን ዝርዝር አለ፣ ምልክት የተደረገበትን መስራት ትችላላችሁ፣ ያልተደረገበትን አትችሉም፣ አለቀ። ዝርዝሩ ደግሞ በጣም የተበጣጠሰ ነው፣ ለምሳሌ ያረጀ ዛፍ መቁረጥና ሌላውን ዛፍ መቁረጥ ለየብቻ ናቸው፣ ብረት ማውጣትና ተራ ድንጋይ መፈልፈል ለየብቻ ናቸው፣ መሬት ላይ የተቀመጠ ዕቃ ማንሳት ደግሞ ሌላ ነው። ሁለት ዜጎች አንድ መንደር ውስጥ ሆነው አንዱ ሁሉን ያደርጋል ሌላው ካሮት መትከል እንኳን አይችልም፣ ሁለቱም ግን ዜጋ ናቸው።

ይሄን እኔ የተማርኩት ከንቲባ ሆኜ ነው። አንድ አዲስ ልጅ ተቀበልኩ፣ ጎበዝ ነው ቶሎ ቶሎ ይሰራል፣ ሮሉን ሳላይ ሁሉም ዜጋ የሚያገኘውን ዲፎልት ሰጠሁትና ልተኛ ሄድኩ። ጠዋት ስገባ ከቶከኑ ጎን ለውበት ብዬ ያሳደግኳቸው የኦክ ዛፎች የሉም፣ በቦታቸው ጉቶና አጠገቡ በረድፍ በረድፍ የተደረደረ ግንድ። ልጁ ደስ ብሎት በቻት «እንጨት አዘጋጀሁልህ!» ብሎኛል። ምን ትለዋለህ? ጥፋቱ የኔ ነው፣ እኔ ነኝ የቁረጥ ምልክቱን የተውኩት። ከዛ ወዲህ «አዲስ» የሚል ሮል ፈጠርኩ፣ መትከል ማጨድ ድንጋይ ማውጣት ይችላል፣ ያረጀ ዛፍ አይነካም፣ ሁለት ሳምንት አይቼው ወደ ሙሉ ዜጋ አሳድገዋለሁ። ከንቲባ ከሆናችሁ እንደዚህ አድርጉ፣ ዜጋ የምትሆኑ ከሆነ ደግሞ ከመግባታችሁ በፊት «የምትሰጠኝ ሮል ምን ምን ያስችለኛል?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ነውር የለውም፣ ጥሩ ከንቲባ ራሱ ደስ ይለዋል።

ሌላው ሰው የሚሳሳትበት ቤት ነው። የመንደሩ ሮል ሌላ፣ የቤቱ ፐርሚሽን ሌላ። ቤት፣ አጥር በር፣ ጋሪ፣ ሁሉም የየራሳቸው ባለቤትና የራሳቸው የፍቃድ ዝርዝር አላቸው። የሰፈሩ ወርክሾፕ ካልተከፈተላችሁ ተጠልታችሁ አይደለም፣ ባለቤቱ «የመንደሩ ዜጎች ይግቡ» የሚለውን አላበራም ማለት ነው፣ ንገሩት በሰከንድ ያስተካክለዋል። እናንተም ቤት ስትሰሩ እዛው ዝርዝር ላይ መንደሩ እንዲያስተዳድረው የሚል ምርጫ አለ፣ እሱን ሳታስቡ አታብሩ። ሳጥናችሁን ደግሞ ቆልፉ፣ ጓደኛ ቢሆንም ቆልፉ፣ የጋራ ሳጥን መስሎት የናንተን ጡብ ለግድግዳ የሚያውል ሰው አይጠፋም።

አፕኪፕ፣ ማለትም የመንደሩ ወርሃዊ ክፍያ። ይሄን ማንም አይነግራችሁም ግን እኔ እላለሁ ከሮሉ ቀጥሎ በጣም ወሳኙ ነው። መንደር በየወሩ ይከፈልበታል፣ ገንዘቡ አይረን ኮፐር ሲልቨር ጎልድ ነው፣ 100 አይረን 1 ኮፐር፣ 100 ኮፐር 1 ሲልቨር፣ እንደዛ እያለ ይሄዳል። ቶከኑ ውስጥ ያለው ገንዘብ ካለቀ መንደሩ ይፈርሳል፣ ዜግነታችሁም አብሮ ይጠፋል፣ ቤታችሁ ደግሞ ጥበቃ ስለሌለው ማርጀት ይጀምራል። ከንቲባው ጠፍቶ ይክረም አይክረም ቶከኑ ግድ የለውም፣ ገንዘብ እስካለ ይቆማል፣ ገንዘብ ከሌለ ከንቲባው ቀንና ሌሊት ኦንላይን ቢሆንም ይፈርሳል። ስለዚህ ዜጋ በሆናችሁ በመጀመሪያው ቀን ቶከኑን ራይት ክሊክ አድርጋችሁ የመንደሩን መረጃ ክፈቱ፣ ስንት ቀን እንደቀረው ይጽፋል። ወራት ካለ ተረጋጉ። ጥቂት ቀን ከሆነ ግን ትልቅ ቤት ከመጀመራችሁ በፊት ከንቲባውን አናግሩት።

ዲሞክራሲ የሚባል ሴቲንግም አለ፣ የሚያስቅ ነው ግን እውነት ነው። ከተበራ ከንቲባው ዜጋ ማባረር አይችልም፣ ዜጎች ደግሞ ሌላ ከንቲባ መምረጥ ይችላሉ። ካልተበራ ሰውዬው ፈላጭ ቆራጭ ነው፣ ሲፈልግ ያስወጣችኋል። እኔ ያለሁባቸው መንደሮች ሁሉ ፈላጭ ቆራጭ ነበሩ እና እውነቱን ለመናገር ችግር አላየሁም፣ የሚከፍለው እሱ ነው፣ ደግሞ የማያውቁትን አስር ሰው ተቀብሎ ዲሞክራሲ የሚያበራ ከንቲባ መንደሩን በምርጫ ሊያጣው ይችላል።

መውጣት ስትፈልጉ፣ ዜግነታችሁን ራሳችሁ መሰረዝ ትችላላችሁ፣ ማንንም ማስፈቀድ አያስፈልግም። ግን ቅደም ተከተሉን አትሳቱ! መጀመሪያ መሬት ላይ ያለውን ዕቃችሁን ሰብስቡ፣ ጋሪው ላይ ጫኑ፣ እንስሳችሁን ከመንደሩ ክልል አስወጡ፣ ቤት ካላችሁ ለሚቆየው ሰው ባለቤትነቱን አዙሩለት፣ ከዛ ነው መሰረዝ። ልክ ስትሰርዙ ወዲያው እንደማንኛውም መንገደኛ ትቆጠራላችሁ፣ የሚሰራላችሁ መንደሩ ለውጭ ሰው የፈቀደው ብቻ ነው፣ የውጭ ሰው ዕቃ ማንሳት ካልተፈቀደለት የገዛ መዶሻችሁን እግራችሁ ስር እያያችሁት ማንሳት አትችሉም፣ ከንቲባው ኦንላይን እስኪመጣ ቁጭ ብላችሁ መጠበቅ ነው።