የሰፈር መረብ ኳስ ሰርቭ እንዴት ይዳኛል?

ድሬ ላይ ቮሊቦል የሚጀመረው ፀሐይዋ ስትበርድ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ነው። ፊሽካው የሚሰጠው ደግሞ ጉልበቱን ለታመመ ሰው ነው። እኔም ዳኛ የሆንኩት እንደዚያ ነው።

1. መጀመሪያ በሕጉ ተስማሙ። ታላላቆቻችን ያደጉት ሰርቭ (ኳሷን መትቶ ጨዋታ የማስጀመር ተራ) የያዘው ቡድን ብቻ ነጥብ በሚያገኝበትና 15 ላይ በሚያልቀው ጨዋታ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ እያንዳንዱ ኳስ ነጥብ አለው፤ ሴቱም (የጨዋታው አንድ ዙር) የሚያልቀው 25 ነጥብ ላይ ነው፣ በ2 ልዩነት።

2. የኋላውን መስመር በኖራ አስምሩ። ገመድ አልወድም፣ እግር ይጠልፋል። አቧራው ላይ ያለ አሻራ እያሳዩ ለሚከራከሩ ጆሮ አትስጡ። ዘሎ የሚመታ ሰው ሜዳ ውስጥ ቢያርፍ ጥፋት የለበትም፤ ጥፋቱ ሲነሳ መስመሩን መርገጡ ነው።

3. ፊሽካ ነፍታችሁ ለመቺው የተሰጠውን 8 ሰከንድ በልባችሁ ቁጠሩ። ኳሷ መረብ ነክታ ካለፈች ጨዋታው ይቀጥላል። «ይደገም!» የሚል አይጠፋም፤ ድሮ መረብ መንካቷ እንደ ጥፋት ይቆጠር ነበር፣ አሁን ግን ቀርቷል።

4. ማን የት ቆመ? እኔን ያዋረደኝ ይሄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፍ ሕግ፣ ሰርቭ የሚመታው ቡድን በራሱ ሜዳ ውስጥ ደስ ባለው ቦታ እንዲቆም ፈቅዷል። ተቀባዩ ግን እንደ ድሮው ተራውን ጠብቆ መቆም አለበት። ስለዚህ ኳሷ እስክትመታ ዓይናችሁ ተቀባዮቹ ላይ ይሁን።

ይህንን ለልጆቹ ስነግራቸው «አቦ፣ ተገላገልን!» አሉ። እኔም ተገላገልኩ ብዬ የመቺዎቹን ተራ የምጽፍበትን ወረቀት ተውኩት። ነፃ የሆነው የመቆሚያ ቦታው እንጂ ሰርቭ የመምታት ተራው አልነበረም! አንዱ ያለ ተራው አራት ኳስ መትቶ አራት ነጥብ ካገኘ በኋላ ተቃራኒው ቡድን ነቃ። በሕጉ ያለ ተራ የተገኘው ነጥብ ይሰረዛል፣ ለተቃራኒውም ነጥብና ሰርቭ ይሰጣል። ግን ከየትኛው ኳስ ጀምሮ? ማስረጃ ስላልነበረኝ ሴቱ ይደገም አልኩ። ሁለቱም ቡድን ተቆጣኝ፤ እውነታቸውን ነው።

አሁን የስድስቱን ስም በሰርቭ ተራ እጽፋለሁ። ከመቺው ቀጥሎ ያሉት ሦስቱ የፊት ናቸው፤ መቺውና የቀሩት ሁለቱ የኋላ። ይሄ ለሌላም ይጠቅማል፤ የኋላ ተጫዋች ከ3 ሜትሩ መስመር ፊት ተነስቶ ከመረቡ ጫፍ በላይ ያለች ኳስ አግብቶ መምታት አይችልም፣ ብሎክም (መረቡ ጋ ዘሎ ኳስ ለመመለስ) አይወጣም። ሁሉም እንደፈለገ በሚቆምበት ጊዜ ይህንን በዓይን ብቻ መለየት ዘበት ነው።

ስሞቹን በእስክሪብቶ መዳፌ ላይ ጽፌም ሞክሬያለሁ። በድሬ ሙቀት ሁለተኛው ሴት ሳይጀመር በላብ ታጠበ። ካርቶን ይሻላል።