ድንኳን ሠሪ አባጨጓሬን ከፍሬ ዛፍ ላይ ማስወገድ

በአፕል ወይም በቼሪ ዛፍ ቅርንጫፎች መጋጠሚያ ላይ እንደ ድንኳን የተወጠረ ነጭ ድር ካያችሁ፣ ቅጠሉን የሚበሉት አባጨጓሬዎች በውስጡ በኅብረት እንደሚኖሩ እወቁ። ለምግብ ወጥተው ወደ ድሩ ስለሚመለሱ፣ አብዛኞቹ በሚሰበሰቡበት በማለዳ ወይም በዝናባማ ሰዓት ጓንት አጥልቃችሁ ድሩን በእንጨት ጠቅልላችሁ አውጡትና ሳሙና በተቀላቀለበት ውኃ ውስጥ ንከሩት። እባካችሁ፣ ድሩን በእሳት አታቃጥሉት፤ እሳቱ ከአባጨጓሬው ይልቅ ዛፉን ይጎዳል። ከሁሉ የሚቀለው ግን ዛፉ ቅጠሉን ባራገፈበት ወቅት ቀጫጭን ቅርንጫፎችን መፈተሽ ነው፤ ቅርንጫፉን እንደ ቀለበት የከበበው፣ የሚያብረቀርቀው ጥቁር ቡናማ ክምር ከ150 በላይ እንቁላሎች ሊይዝ ስለሚችል፣ እርሱን ቆርጦ መጣል አንድ ሙሉ ድንኳን ከመሠራቱ በፊት ያስቀረዋል። ቅጠሉ ቢራቆትም እንኳ ጤናማ ዛፍ አብዛኛውን ጊዜ እንደገና ያቆጠቁጣል።