የስቴት ታክስ ስንገምት የምንሳሳትባቸው ቦታዎች

ኤፕሪል ሲደርስ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ቡና ላይ የሚሰማ ወሬ አለ። "ፌዴራሉ መለሰልኝ፣ ስቴቱ ግን ክፈል አለኝ!" ተናጋሪው ታክስ ሰሪውን ይጠረጥራል። ብዙ ጊዜ ግን የተሳሳተው የራሱ ግምት ነው። ስቴቱን የፌዴራሉ ጭራ አድርገን ስለምናየው ለብቻው አናሰላውም። እዚህ የማወራው በዋናነት ስለ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ነው። ቁጥሮቹ የ2025 ገቢ ናቸው።

የፌዴራሉን ቅናሽ ለስቴቱም መቀነስ

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ለ2025 ፌዴራል መንግሥት ላላገባ ሰው 15,750 ዶላር ከታክስ ነፃ ይተውለታል። ስታንዳርድ ዲዳክሽን የምንለው ማለት ነው። ቨርጂኒያ የምትተወው 8,750 ነው። ሜሪላንድ ደግሞ 3,350 ብቻ። ልዩነቱን አያችሁት?

እስቲ እናስላው። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር፣ ያላገባ፣ በዓመት 60,000 ዶላር ደመወዝ ያለው ሰው እንውሰድ። ከ3,350ው ሌላ ሜሪላንድ ለራሱ 3,200 ትቀንስለታለች። ታክስ የሚታሰብበት 53,450 ይቀራል። በመጀመሪያው 3,000 ላይ 90 ዶላር ይከፍላል። የቀረው በ4.75 በመቶ ሲሰላ 2,396 ገደማ ነው። ድምሩ 2,486። የፌዴራሉን 15,750 ቀንሶ የገመተ ሰው ግን 2,049 ላይ ያቆማል። ከ400 ዶላር በላይ ጎደለው፤ ገና ካውንቲው ሳይመጣ።

ካውንቲውን መርሳት

ሜሪላንድ ውስጥ ካውንቲውም የገቢ ታክስ አለው። የሚሰበሰበው ከስቴቱ ጋር በአንድ ፎርም ስለሆነ ብዙ ሰው መኖሩንም አያውቅም። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለበት ሞንጎመሪ ካውንቲ 3.2 በመቶ ነው። ለዚያው ሰውዬ 1,710 ዶላር ይደርስበታል። አሁን ጠቅላላው 4,196 ሆነ። ኢንተርኔት ላይ "የሜሪላንድ ታክስ 4.75 በመቶ" የሚለውን ብቻ አንብቦ የገመተ ሰው ከአምስት እጅ ሁለቱን እጅ ያህል ዘንግቷል ማለት ነው።

የቨርጂኒያ ካውንቲዎች የገቢ ታክስ የላቸውም። (በመኪናችሁ ላይ ግን በየዓመቱ ይመጡባችኋል፤ እሱ ሌላ ወሬ ነው።) ኦሃዮ ያላችሁ ደግሞ ከተማውን አትርሱ። ኮሎምበስ በራሷ 2.5 በመቶ ትቆርጣለች።

የላይኛውን ፐርሰንት በሙሉ ገቢ ማባዛት

ቨርጂኒያ ላይ 60,000 በ5.75 በመቶ ብሎ 3,450 አግኝቶ የሚደነግጥ ሰው አለ። 5.75 በመቶው የሚጀምረው ከ17,000 በላይ ባለው ላይ ነው። እስከ 17,000 ድረስ ያለው ጠቅላላ ታክስ 720 ዶላር ነው። ከ60,000ው ላይ 8,750 እና የግል ቅናሹ 930 ሲነሱ እውነተኛው ታክስ 2,636 ገደማ ይሆናል።

የምንሠራበትን ስቴት ታክስ መክፈል

በዚህ እኔም ተቀጥቻለሁ። ሜሪላንድ እየኖርኩ ቨርጂኒያ ሥራ ገባሁ። መሥሪያ ቤቱ ዓመቱን ሙሉ ለቨርጂኒያ ሲቆርጥ ከረመ። እኔም ፔይቼኬ ላይ "ስቴት" የሚል መስመር ሳይ ተከፍሏል ብዬ ዝም አልኩ። ኤፕሪል ላይ ሜሪላንድ ሙሉውን ጠየቀችኝ። ዱብ ዕዳ! የቨርጂኒያው ተመላሽ እስኪመጣ ድረስ ከኪሴ አውጥቼ ከፈልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ ስምምነት አላቸው። ደመወዝ የሚታክሰው የምትኖሩበት ስቴት ነው፣ ሥራው ያለበት አይደለም። ስለዚህ ሥራ ስትጀምሩ የስቴቱን ተቀናሽ ፎርም ለብቻው ሙሉ። የፌዴራሉ ደብሊው-4 ይህን አይሸፍንም። የመጀመሪያው ፔይቼክ ሲመጣም የየትኛው ስቴት ስም እንዳለበት እዩ። መሥሪያ ቤቱ ለእናንተ ስቴት መቁረጥ ካልቻለ በየሩብ ዓመቱ ራሳችሁ መክፈል አለባችሁ። በስህተት ለቨርጂኒያ የተቆረጠባችሁ ደግሞ ገንዘቡን በ763ኤስ ፎርም ትጠይቃላችሁ።

ይህ ስምምነት ለደመወዝ ብቻ መሆኑን ልብ በሉ።

በዓመቱ መሃል ቤት መቀየር

ከዳላስ ወደዚህ የመጣ ሰው "ቴክሳስ የገቢ ታክስ የለም" ብሎ ግማሹን ዓመት ይረሳል። ወይም በተቃራኒው፣ የሙሉ ዓመቱን ገቢ በሜሪላንድ ያሰላል። ሁለቱም ልክ አይደለም። እዚህ ከገባችሁበት ቀን ጀምሮ ያገኛችሁት እዚህ ይታሰባል፤ ቅናሾቹም በዚያው ልክ ይከፋፈላሉ።

ኡበር እየነዱ 15.3 በመቶ ላይ ማቆም

ለራሱ የሚሠራ ሰው 15.3 በመቶውን ያውቃል። "እሱን አስቀምጫለሁ" ይላል። እሱ ግን ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር የሚሄድ የፌዴራል ገንዘብ ነው፤ ስቴቱ ጋ ሳንቲም አይደርስም።

ሌላው ስህተት ከየትኛው ቁጥር እንደምንነሳ ነው። ኩባንያው የሚልክላችሁ 1099-ኬ የሚባለው የገቢ ፎርም ላይ ያለው ጠቅላላ ተሳፋሪው የከፈለው ነው፤ ኩባንያው የወሰደው ድርሻም አለበት። መጀመሪያ እሱን ቀንሱ። ቀጥሎ ማይሉን። ለ2025 በማይል 70 ሳንቲም ነው። 30,000 ማይል የነዳ ሰው 21,000 ዶላር ይቀንሳል። ስቴቱም የሚነሳው ከዚህ ከተጣራው ነው። ማይሉን ያልመዘገበ ሰው ለሁለቱም መንግሥታት ያላገኘውን ገንዘብ ታክስ ይከፍላል።

ሞንጎመሪ ካውንቲ ለሚኖር ሹፌር የእኔ ምክር ከተጣራው ላይ 8 በመቶ ለስቴቱና ለካውንቲው ለብቻ ማስቀመጥ ነው። 4.75 እና 3.2 ሲደመሩ እዚያው አካባቢ ናቸው። ከተቆረጠላችሁ በላይ ከ500 ዶላር የበለጠ ዕዳ የሚመጣ ከሆነ ሜሪላንድ በየሩብ ዓመቱ እንድትከፍሉ ትፈልጋለች። ገቢያችሁ ከፍ ዝቅ ካለና መገመት ካስቸገረ፣ ያለፈውን ዓመት የሜሪላንድ ታክስ 110 በመቶ በአራት ከፍላችሁ በጊዜው ብትከፍሉ ቅጣት የለም።

ቀኑን ከፌዴራሉ ጋር ማምታታት

የሜሪላንድ ቀን ኤፕሪል 15 ነው። ቨርጂኒያ ሜይ 1 ናት፤ የመጀመሪያው የሩብ ዓመት ክፍያዋም እንደዚያው። ሌሎቹ ጁን 15፣ ሴፕቴምበር 15ና ጃንዋሪ 15 ናቸው። ማራዘሚያ ያለው ሰውም ይሳሳታል። ቨርጂኒያ ፎርሙን ለማስገባት ሳትጠይቋት ስድስት ወር ትጨምራለች። ገንዘቡን ግን አይደለም፤ ቢያንስ 90 በመቶው እስከ ሜይ 1 መግባት አለበት።