በድንገት የቀዘቀዘን የኮራል አኳሪየም ቀስ አድርጎ ማሞቅ

የኮራል አኳሪየም፣ ማለትም ኮራል የሚባሉት የባሕር እንስሳትና ዓሦች የሚኖሩበት የመስታወት ገንዳ፣ ውሃው በአብዛኛው ከ25 እስከ 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ ይጠበቃል። ማሞቂያው ሌሊት ተበላሽቶ ወይም መብራት ጠፍቶ ካደረ ግን ጠዋት ቴርሞሜትሩ 19 ዲግሪ ሊያሳይ ይችላል። በዚህ ጊዜ ውሃ አፍልቶ መጨመር ፈጽሞ አይገባም፤ ቅዝቃዜውን ችለው ያደሩት ኮራሎችና ዓሦች በደቂቃዎች ውስጥ ሁለተኛ ጉዳት ይደርስባቸዋልና።

ከማሞቅዎ በፊት የውሃውን እንቅስቃሴ ይመልሱ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 ቴክሳስን የመታው የክረምት ማዕበል በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቤቶችን ያለ መብራት ሲያስቀር፣ ለእንዲህ ያሉ ገንዳዎች የፓምፖች መቆም ከብርዱ ያላነሰ አደጋ ነበር፤ ውሃው ካልተንቀሳቀሰ ከአየር የሚያገኘው ኦክስጅን በእጅጉ ይቀንሳል። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ከሌለዎት ውሃውን በጆግ እየቀዱ ከፍ አድርገው መልሰው ያፍስሱት። ውሃ እየሞቀ በሄደ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ያንሳል፣ የእንስሳቱ ፍላጎት ግን ይጨምራል፤ ስለዚህ ይህ ሥራ ማሞቅ ከተጀመረም በኋላ መቀጠል አለበት።

ማሞቂያውን ሙሉ በሙሉ በውሃ መሸፈኑን አረጋግጠው ያብሩትና መጀመሪያ 20 ዲግሪ ላይ ያድርጉት። ከዚያ በሰዓት ከግማሽ እስከ 1 ዲግሪ ብቻ እየጨመሩ ይሂዱ። ከ19 ወደ 25 ለመድረስ ከስድስት እስከ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ ረጅም ቢመስልም ይታገሡ። መብራት ካልመጣ ሙቅ ውሃ የተሞላ፣ በደንብ የተከደነ የፕላስቲክ ጠርሙስ በገንዳው ላይ ያንሳፍፉ፤ ቴርሞሜትሩ ቶሎ ከጨመረ ያውጡት።

በመጀመሪያው ቀን ዓሦቹን አይመግቡ፣ የገንዳውንም መብራት አጥፍተው ይዋሉ። በኮራሉ አካል ውስጥ የሚኖሩት ጥቃቅን አልጌዎች በብርድ ተጎድተው ሳለ ብርቱ ብርሃን ካረፈባቸው ኮራሉ ሊነጣ ስለሚችል፣ ብርሃኑን በማግስቱ ደብዘዝ አድርገው ይጀምሩና በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ ነበረበት ይመልሱት። ኮራሉ ተሸብሽቦ ዝልግልግ ፈሳሽ ቢያወጣ ሞቷል ብለው አይጣሉት፤ ብዙ ጊዜ ከቀናት በኋላ መልሶ ይዘረጋል። ሥጋው እየተላጠ ነጭ አጥንቱ የሚታይ ከሆነ ግን ነገሩ የከፋ ነው።

የማይንቀሳቀሱትን ቀንድ አውጣዎች አንድ በአንድ አንሥተው ያሽትቱ። የሞተው ጠረኑ ወዲያው ያስታውቃል፤ ገንዳ ውስጥ ከቀረ ግን አሞኒያ ያመነጫል። አሞኒያ ውሃው በሞቀ ቁጥር መርዝነቱ ስለሚጨምር በየቀኑ ይለኩት። ከተገኘ ሙቀቱና ጨዋማነቱ ከገንዳው ጋር የተመጣጠነ አዲስ ውሃ አዘጋጅተው ከጠቅላላው እስከ 20 በመቶ የሚሆነውን ይቀይሩ።

ብርድ የመታቸው ዓሦች ለነጭ ነጠብጣብ በሽታ ስለሚጋለጡ፣ ለሁለት ሳምንት ያህል ክንፋቸውንና አተነፋፈሳቸውን ይከታተሉ። የተበላሸውን ማሞቂያ በአንድ ትልቅ ሳይሆን በሁለት መካከለኛ ማሞቂያዎች ይተኩ፤ አንዱ ቢቆም ሌላው ቅዝቃዜውን ያዘገየዋል፣ አንዱ አልጠፋም ቢልም ብቻውን ገንዳውን ለማንፈር አቅም አይኖረውም።