የአንጀት ባክቴሪያና የአንጀት ብግነት፦ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ስለ አንጀት ባክቴሪያ የማይወራበት ቦታ የለም። መወራቱ ጥሩ ነው። ክሮንስ ወይም አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ የተባሉት ሥር የሰደዱ የአንጀት ብግነት በሽታዎች ያለባቸው ሰዎች ግን ብዙ ጊዜ የወሬውን ግማሽ ሰምተው ሙሉ ውሳኔ ይወስናሉ። እነዚህን ሕሙማን የማክም ሐኪም ስለሆንኩ የውሳኔው ውጤት እኔ ጋ ይመጣል። ይህን የምጽፈው በቀላሉ ሊቀር የሚችል ስቃይ ማየት ስለመረረኝ ነው።

«ባክቴሪያ ካለበት ኢንፌክሽን ነው፤ አንቲባዮቲክ ይገድለዋል»

አይደለም። በሰውነታችን ውስጥ ወደ 38 ትሪሊዮን የሚገመት ባክቴሪያ አለ። አብዛኛው የሚኖረው በትልቁ አንጀት ነው። ጤነኛ ሰው ላይ ወፍራም የንፍጥ ሽፋን ባክቴሪያውን ከአንጀት ግድግዳ ያርቀዋል፤ የመከላከያ ሥርዓታችንም አብሮት መኖርን ያውቅበታል። በአንጀት ብግነት ጊዜ ይህ ስምምነት ይፈርሳል። መከላከያው የቤቱን ልጅ ከሌባ መለየት እንዳቃተው ዘበኛ ይሆናል፤ ያገኘውን ሁሉ ይደበድባል። በዱላው የሚቆስለው ደግሞ የራሳችን አንጀት ነው።

ባክቴሪያው በነገሩ ውስጥ እንዳለበት ጥርጥር የለውም። ኢንተርሉኪን 10 የሚባለው አብራጅ ፕሮቲን የሌላቸው አይጦች አንጀታቸው ይቆጣል። እነዚሁ አይጦች አንድም ባክቴሪያ በሌለበት ክፍል ተወልደው ካደጉ ግን አይታመሙም። ተራ የአንጀት ባክቴሪያ ሲሰጣቸው ይታመማሉ። በሰውም ላይ ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በክሮንስ ምክንያት አንጀታቸው ተቆርጦ የተቀጠለላቸው ሕሙማን፣ የአንጀቱ ፈሳሽ ወደ ስፌቱ እንዳይደርስ በሌላ በኩል እንዲወጣ ሲደረግ ስፌቱ ሰላም ይሆናል። ፈሳሹ ሲለቀቅበት ግን በቀናት ውስጥ ብግነቱ በማይክሮስኮፕ መታየት ይጀምራል።

ግን ይህ ሁሉ አንድ ጥፋተኛ ጀርም አለ ማለት አይደለም። በ2001 ከክሮንስ ጋር ግንኙነት እንዳለው የታወቀው ኖድ 2 የተባለው ዘረ መል ሥራው የባክቴሪያን ቁራጭ ለይቶ ማወቅ ነው። ማለትም ችግሩ ባክቴሪያው ላይ ብቻ አይደለም፤ እኛ የምናይበት ዓይን ላይም ነው። ስለዚህ ሆድ በተቆጣ ቁጥር ሜትሮኒዳዞል ወይም ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባሉትን አንቲባዮቲኮች ገዝቶ መዋጥ ትክክል አይደለም። መድኃኒቶቹ ቦታ አላቸው። ፊንጢጣ አካባቢ መግል ሲቋጠር፣ ፊስቱላ (ከአንጀት ወደ ቆዳ ወይም ወደ ሌላ አካል የተከፈተ ያልተገባ ቀዳዳ) ሲኖር፣ ወይም ትልቁ አንጀት ወጥቶ ከትንሹ አንጀት የተሠራው ከረጢት ሲቆጣ እናዝዛቸዋለን። ያለ ቦታቸው ሲወሰዱ ግን የሚጠቅመውንም ባክቴሪያ ጠራርገው ከባድ ተቅማጥ ለሚያመጣው ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል ለተባለ ባክቴሪያ በር ይከፍታሉ። እሱን ደግሞ ማንም እንዲይዘው አልመኝም።

ደህና ነኝ ብሎ መድኃኒት ማቆም፣ በምትኩ ፕሮባዮቲክ (ይጠቅማል ተብሎ የሚወሰድ ሕይወት ያለው ባክቴሪያ) መጀመር

እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ ያለበት አንድ ወጣት ነበር። ሜሳላዚን በተባለው ብግነት አብራጅ ኪኒን ደሙ ቆሞለት፣ ክብደቱ ተመልሶለት፣ ሥራውን ይዞ ይኖር ነበር። ብዙ ወራት ጠፍቶ ሲመጣ ፊቱ ገርጥቷል። ከቦርሳው የፕሮባዮቲክ ጠርሙሶች አንድ በአንድ እያወጣ ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። በሁሉም ላይ ቢሊዮን የሚል ቁጥር በትልቁ ተጽፏል። «ዶክተር፣ ደህና ስለሆንኩ ኪኒኑን ተውኩት። አሁን ባክቴሪያዬን እያስተካከልኩ ነው» አለኝ። ሌሊት ስንት ጊዜ ሽንት ቤት እንደሚነሳ ስጠይቀው መቁጠር ማቆሙን ነገረኝ። የታችኛውን አንጀቱን በካሜራ ስናየው መሣሪያው ገና ሲነካው ይደማል። በጤነኛ አንጀት ላይ ጥርት ብሎ የሚታየው የደም ሥር መረብ ጭራሽ የለም።

ደህና የነበረው እኮ በኪኒኑ ነው! ምልክት ጠፋ ማለት በሽታው ለቆ ሄደ ማለት አይደለም፤ መድኃኒቱ ሥራውን እየሠራ ነው ማለት ነው። በ2003 የታተመ ጥናት አልሰሬቲቭ ኮላይቲሳቸው በሜሳላዚን የተረጋጋላቸውን ሰዎች ተከታትሎ ነበር። መድኃኒቱን በአግባቡ ያልወሰዱት ሰዎች በሽታው የመመለስ ዕድሉ ከወሰዱት ከ5 እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ።

ፕሮባዮቲክን አልጠላም። ግን ሁሉንም በአንድ ስም ጠርቶ «ይጠቅማል» ማለት ሰውን ማሳሳት ነው። ጥያቄው የትኛው ዝርያ፣ ለየትኛው በሽታ ነው። ኢ ኮላይ ኒስል 1917 የሚባለውን ውሰዱ። ጀርመናዊው ሐኪም አልፍሬድ ኒስል በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጓደኞቹ በተቅማጥ ሲወድቁ እሱ ሳይታመም ከቀረ ወታደር አንጀት ነው ያገኘው። ይህ ባክቴሪያ የተረጋጋ አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ እንዳይመለስ በመጠበቅ ከሜሳላዚን ጋር ተወዳድሮ ተቀራራቢ ውጤት አሳይቷል። ለክሮንስ ግን እንዲህ ብሎ አፍ ሞልቶ የሚነገርለት ፕሮባዮቲክ የለም። የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ማኅበርም በ2020 ባወጣው መመሪያ ለክሮንስም ሆነ ለአልሰሬቲቭ ኮላይቲስ ፕሮባዮቲክ በጥናት ውስጥ ካልሆነ በቀር እንዳይሰጥ መክሯል።

አንድ ነገር ልጨምር። መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ነገር ሕይወት ያለው መሆኑን አትርሱ። አልፎ አልፎ ወደ ደም ገብቶ ሰው አሳምሟል። መውሰድ ከፈለጋችሁ ለሐኪማችሁ ንገሩት። ከመድኃኒቱ ጎን ይሁን እንጂ በመድኃኒቱ ቦታ አይሁን።

የባክቴሪያ ዝርዝር ምርመራ ገዝቶ በውጤቱ መሸበር

ባለ ብዙ ቀለም ገጾች ይዘው የሚመጡ ሰዎች በዝተዋል። ገጹ ላይ ፊካሊባክቴሪየም ፕራውስኒትሲ ዝቅ ብሏል ይላል። እውነት ነው፣ ይህ ባክቴሪያ ብዙ የክሮንስ ሕሙማን ላይ ይቀንሳል። የትልቁን አንጀት ሴሎች የሚመግበውን ቡቲሬት ስለሚሠራ መቀነሱም ያሳስባል። ነገር ግን ቅደም ተከተሉን ተመልከቱ። የተቆጣ አንጀት ውስጥ ኦክስጅን ይገባል። ኦክስጅን የማይችሉት እንደ ፊካሊባክቴሪየም ያሉት ይሞታሉ፤ የሚችሉት እነ ኢ ኮላይ ይራባሉ። ስለዚህ ብግነቱ ራሱ ባክቴሪያውን ይቀይራል። የቱ ቀድሞ የቱ እንደተከተለ ያ ገጽ ሊነግራችሁ አይችልም፤ የትኛውን መድኃኒት እንደምትወስዱም አይወስንም።

ከሰገራ የሚለካ ጠቃሚ ነገር ከፈለጋችሁ ካልፕሮቴክቲን አለ። ወደ ተቆጣው አንጀት ከሚጎርፉት ነጭ የደም ሴሎች የሚወጣ ፕሮቲን ነው። ብግነት መኖር አለመኖሩን ይጠቁማል። አይ ቢ ኤስ ያለበትን ሰው፣ ሆዱ የሚታወክ ግን አንጀቱ ያልቆሰለ ማለት ነው፣ ክሮንስ ካለበት ለመለየትም በጣም ይረዳል።

የሌላ ሰው ሰገራ ቤት ውስጥ ወደ አንጀት ማስገባት

አታድርጉት። ከጤነኛ ሰው የተወሰደ ሰገራ ደጋግሞ የሚመለስ ክሎስትሪዲየም ዲፊሲልን እንደሚያድን በ2013 በጥናት ተረጋግጧል። ሰዎች ይህን ሰምተው ለኮላይቲስም ይሠራል ብለው ደመደሙ። በ2015 ብቻ አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ ላይ ከወጡት ሁለት ጥናቶች አንዱ ጥቅም አገኘ፣ ሌላው አላገኘም። በ2019 ደግሞ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መድኃኒት የተላመደ ኢ ኮላይ በሰገራ የተላለፈበት አንድ ሰው መሞቱን አስታውቋል። ያውም በሕክምና ባለሙያዎች እጅ ተሠርቶ። የወንድማችሁ ጤነኛ መምሰል ምርመራ አይደለም።

«ባክቴሪያውን ልመግብ» ብሎ አሰር ማብዛት

አሰር ያለው ምግብ ለአብዛኛው ሰው ጥሩ ነው። አንጀቱ የጠበበበት የክሮንስ ሕመምተኛ ግን በአሰር ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ አንጀታችሁ መጥበብ አለመጥበቡን ሐኪማችሁን ጠይቁ። የባክቴሪያ ዓይነት በበዛ ቁጥር ሁሌ ይሻላል የሚለውም እንደሚወራው ቀላል አይደለም። ክሮንስ ያለባቸው ልጆች ለ6 እስከ 8 ሳምንት ሌላ ምግብ ትተው በተዘጋጀ ፈሳሽ ምግብ ብቻ ሲቆዩ ብዙዎቹ ይረጋጋሉ። የሚገርመው፣ በዚያ ጊዜ የባክቴሪያቸው ብዝኃነት የሚቀንስ መሆኑ ነው።

ክሮንስ እያለ ማጨስ

አቁሙ። ማቆሙ ከማንኛውም የፕሮባዮቲክ ጠርሙስ ይበልጣል።

ወላጆች ራሳቸውን መክሰስ

«ሕፃን እያለ አንቲባዮቲክ ስላበዛሁበት ነው?» ብላ የምታለቅስ እናት ሳይ አንጀቴ ይላወሳል። በልጅነት አንቲባዮቲክ መውሰድና በኋላ በአንጀት ብግነት መያዝ አብረው እንደሚታዩ ጥናቶች ያሳያሉ። አብሮ መታየት ግን ምክንያት መሆን አይደለም። ልጁ የሳንባ ምች ይዞት ከሆነ መድኃኒቱን ማግኘት ነበረበት። እናቱ ያደረገችው ትክክል ነው።

ተቅማጡ በተመለሰ ቁጥር በሽታው ነው ማለት

ይህ ለወጣት ባልደረቦቼ ነው። የታወቀ ኮላይቲስ ያለበት ሰው ደም ያለው ተቅማጥ ይዞ ሲመጣ እጃችሁ ወዲያው ስቴሮይድ ወደ መጨመር እንደሚሄድ አውቃለሁ። መጀመሪያ ሰገራውን ላኩ። ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል እነዚህን ሕሙማን ከሌላው ሰው በበለጠ ይይዛል፤ መልኩም ያው የቀድሞው በሽታ ነው የሚመስለው። አሜባ ባለበት አካባቢ አሜባም ኮላይቲስ መስሎ ይመጣል። በስቴሮይድ ሲታከም ይባስና አንጀት እስከ መብሳት ይደርሳል። የአንጀት ቲቢ ከክሮንስ ጋር እጅግ ይመሳሰላል፤ በናሙና ምርመራም ያታልላል። ፀረ ቲ ኤን ኤፍ የተባለውን መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት ከመጀመራችሁ በፊት ተደብቆ የተቀመጠ ቲቢ መኖሩን ሳታጣሩ አትለፉ። ውጤቱን ስትጠብቁ ደግሞ ትኩሳት ያለውን፣ ልቡ በፍጥነት የሚመታውንና ሆዱ የተነፋውን ሰው ወደ ቤቱ አትመልሱት፤ አስተኙት፤ ለቀዶ ሕክምና ሐኪሙም በጊዜ አሳውቁት።